ውሃ ከስር ነው የሚያየው

ጥቅምት ፰

ለወንድሜ ልጅ፤

ብዕሩን የያዘችው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው። ፊደሉ ከተጣመመ እሷን፣ ነገሩ ከተጣመመ እኔን ጠይቂ። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ታየኛለች፤ ሰላምታ አስቀድም ማለቷ ነው። እሺ። ጤናሽ እንደምን ነው? ባለሽበት ደግ ሰው ያጋጥምሽ፤ የበላሽው ይስማማሽ፤ የረገጥሽው ይጥናልሽ። እኛ ደህና ነን። እኔን ከጉልበቴ በቀር የከዳኝ የለም። እናትሽ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም፤ አፏ ግን ይራመዳል።

ስልክ አትደውዪልን። እናትሽ ድምፅሽን ስትሰማ ታለቅስና ልትል ያሰበችውን ትረሳዋለች፤ እኔም ለአንድ ቁራጭ ብረት መጮህ አልወድም። ወረቀት ያሉትን ይዞ ይቀመጣል።

ነገሩ ይህ ነው። ውሃውን ከላይ ከገደቡት አራት ዓመት ሆነ። ሐይቁ መጀመሪያ ሸሸ፤ ቀጥሎ ኩሬ ኩሬ ሆነ፤ ዘንድሮ ጭቃው እንኳ ተሰነጣጠቀ። አርባ ዓመት የቀዘፍኩበትን ባለፈው ሳምንት በእግሬ አቋረጥኩት። ጫማዬ አልረጠበም። ሰው ሁሉ ወርዶ ይለቅማል፤ መልህቅ፣ ድስት፣ የብስክሌት ጎማ። እናትሽ ይህን ሰምታ እንቅልፍ አጣች። አባትሽ ሰመጠ ከተባለ ሃያ ዘጠኝ ዓመት፤ አስከሬኑ አልተገኘም፤ መቃብሩ ያ ውሃ ነበር። "ራቁቱን ቀረ" ትላለች። "የለበሰውን ገፈፉት። ውረድና ፈልግልኝ።" በየቀኑ እወርዳለሁ። በየቀኑ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። "ዛሬስ?" ትለኛለች። "ዛሬም" እላታለሁ።

አንቺ ውሃ የሌለበት ፎቶ ላይ ውሃ እየጨመርሽ እንደምትኖሪ ሲነገረኝ፣ ይህ ሥራ ነው ወይስ ማጭበርበር ብዬ ነበር። እናትሽ ግን ያንን ይዛ ኖሯል። "ልጁ አይደለች? ታልብሰው" አለች። "ውሃውን ትመልስለትና ግድግዳው ላይ ልየው።" ልብስ ሰፊዋ ቤቱን፣ የጀልባ መቆሚያውንና የደረቀውን ሜዳ በስልኳ አንስታ ትልክልሻለች። ውሃ አድርጊበትና በትልቅ ወረቀት አሳትመሽ በፖስታ ላኪ። ከስልክ መስታወት ላይ እናትሽ አይታያትም።

ሌላ ምንም አልጠየቅሁሽም፤ ሌላ ምንም አትላኪ።

አጎትሽ


ኅዳር ፬

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ይማርልኝ፤ እማዬን ያበርታልኝ። ለእትዬም፣ የእርስዎን ቃል ተሸክማ ለምትጽፍልን፣ እጇ አይዛል።

የጠየቁኝን ሠርቼ ልኬያለሁ። ፖስታ ቤቱ ወረቀቱን ጠቅልሎ በቱቦ ስላሸገው ሲያወጡት ቀስ ይበሉ።

ማጭበርበር ነው ወይ ላሉኝ፣ እኔም አንዳንዴ እንደዚያ ይመስለኛል። የምንሠራው ከዳቦ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀለሙ እንዳያሳስተን መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ዝግ ነው። ለቀን መቁጠሪያና ለሆቴል ወረቀት የሚሆኑ ፎቶዎች ይመጡልናል። አለቃችን "ተራራ ብቻውን አይሸጥም፤ ሁለት ጊዜ ሲታይ ነው የሚሸጠው" ይላል። ስለዚህ ተራራው ስር ያለውን ሣር ወይም አቧራ አጠፋና ውሃ አደርግበታለሁ። እዚህ ስሜን ትተው "ቧንቧዋ" ይሉኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ፎቶውን ገልብጬ ከራሱ ስር እደቅነዋለሁ። ወደ ታች በሄደ ቁጥር አደበዝዘዋለሁ፤ ጥቂት አጠቁረዋለሁ፤ በመጨረሻ ስስ ሞገድ አለብሰዋለሁ። ሞገዱ ቅርብ ሲሆን ሰፊ፣ ሲርቅ ደቃቅ ነው። ለአንድ ፎቶ አንድ ሰዓት ይበቃኛል። ለዚህኛው ሁለት እሑድ ፈጀብኝ። ውሃውን እስከ ሦስተኛው የደረጃ ድንጋይ አመጣሁት፤ ልጅ ሳለሁ እዚያ ድረስ ይመጣ ነበር አይደል?

አንድ ነገር ልንገርዎ። ልጅ ሳለሁ አባዬ ከውሃው ስር ተገልብጦ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። ቤታችን እዚያም ስላለ። ጭሱም ወደ ታች ስለሚወጣ። ለዚህ ይሆን ይህን ሥራ የያዝኩት? እንጃ።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ ፩

ለወንድሜ ልጅ፤

ልብስ ሰፊዋ ናት የምትጽፈው። ሰላም ለአንቺ፤ ጉልበትሽ እንደ እኔ አይሁን።

ፎቶው ደርሷል። ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። እናትሽ ብዙ አየችና "ቆንጆ ነው፤ የማን ነው?" አለች።

አትቀየሚ፤ እውነቷን ነው። ያ ውሃ አይደለም፤ መስታወት ነው። ቤቱን ወስደሽ ዘቀዘቅሽው። ውሃ እንዲህ አያደርግም። አንቺ ፊደል ቆጥረሻል፤ እኔ ውሃ ቆጥሬአለሁ፤ ስለዚህ ስሚኝ። ውሃ ዝቅ ያለ ነው። ከስር ሆኖ ሽቅብ ነው የሚያየው። ወፍ ስታልፍ አንቺ ጀርባዋን ብታዪ እሱ ሆዷን ያያል። ከቤታችን ጣራ ላይ ያለውን ቆርቆሮ ሳይሆን ከክዳኑ ስር ያለውን ወራጅ፣ ወራጁ ላይ ያለውን የወፍ ጎጆ ያያል። ያንቺ ውሃ የጣራውን አናት አየ። በምን መሰላል ወጥቶ? ከኋላ ያለው የጓሮ በር ደግሞ ውሃ ውስጥ ቆሟል። የጓሮውን በር ዳርቻው ይከልለዋል፤ ውሃው አይቶት አያውቅም።

ልብስ ሰፊዋ "እውነት ነው እንዴ?" ብላ ብዕሯን ይዛ ወጣች። ጎረቤት በገንዳ የተጠራቀመ ውሃ ላይ ጎንበስ ብላ አጥሩን አይታ ተመለሰች። "እውነት ነው" አለች። ስድሳ ዓመት ኖራ ዛሬ ገና አየችው። ይህንንም ጻፊው አልኳት፤ ደስ አላላትም፤ ጽፋዋለች።

እንደገና ሥሪው። እናትሽ "ዛሬስ?" ማለቷን አልተወችም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ ፳፰

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ ጋሼ? ተግሣጽዎ ደርሶኛል፤ እድሜ ይስጥልኝ።

በማግስቱ ወደ ሥራ ስሄድ ወንዙ ዳር ቆሜ ሰዓት አሳለፍኩ። ድልድዩን አየሁት። በውሃው ላይ የድልድዩ ስር ነው የሚታየው፤ ብሎኑ፣ ዝገቱ፣ ርግቦቹ የሚያድሩበት ሁሉ። ዘጠኝ ዓመት ስገለብጥ ኖሬ አንድ ቀን አላስተዋልኩም። ለአለቃዬ አሳየሁት። "ይህን ማን አስተማረሽ?" አለኝ። "ማንበብ የማይችል አጎቴ" አልኩት። ሲስቅ ቆየና አንድ የተሸጠ ሥራ አውጥቶ ማየት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

አሁን ከመጀመሪያው ጀምሬአለሁ። ከመቆሚያው ሳንቃ ስር፣ ከጣራው ስር ያለውን ሁሉ እንደ አዲስ እየሣልኩ ነው። የሐይቁ ቀለም ግን ከልቤ ጠፍቶብኛል። አረንጓዴ ነበር? ቡናማ? እማዬ ሳጥን ውስጥ አባዬ የጠፋበት ቀን የተነሳ ፎቶ እንዳለ አውቃለሁ። ገበያ ሊያነሳ የመጣው ፎቶ አንሺ ጩኸት ሰምቶ ያነሳው። ሐይቃችን ውሃ ሳለው የተነሳ ሌላ ፎቶ የለንም። ብትፈቅድ ይላኩልኝ፤ በክብር እመልሰዋለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር ፳፪

ለወንድሜ ልጅ፤

የምትጽፈው ያችው ናት፤ ጣቷን መርፌ ወግቷታል፤ ወረቀቱ ላይ ነጠብጣብ ካየሽ የእሷ ነው። ሰላም ሁኚ።

ፎቶው ይኸው። እናትሽ እንቢ ብላ ሁለት ቀን ሰነበተች። በሦስተኛው "ለልጁ ከሆነ" ብላ ሰጠች። እኔ አይቼው አላውቅም። የዚያን ቀን እዚያ ነበርኩ፤ ፎቶ አያስፈልገኝም።

አንድ ወሬ አለ። ጫማ ተገኘ። ወደ መሐል፣ ድሮ ጥልቁ ከነበረበት፣ የግራ እግር፣ የወንድ፣ ሶሉ የተላቀቀ። አጠብኩና አመጣሁላት። "የእሱ ነው" አልኳት። አገላበጠችው። አሸተተችው። ውስጡ እጇን አስገብታ ቆየች። ከዚያ ትራሷ ስር አደረገችው። "ዛሬስ?" ማለቷን ትታለች። ስሞት ከእኔ ጋር ይግባ ብላለች።

ልብስ ሰፊዋ "የእሱ መሆኑን በምን አወቅህ?" አለችኝ። ጻፊ አልኳት።

ቶሎ ጨርሺ። እናትሽ ከሳች። የምትውጠው ሾርባ ብቻ ነው።

አጎትሽ


የካቲት ፲፯

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እትዬ፣ ይህን ደብዳቤ እማዬ በማትሰማበት፣ ጓሮ ወስደሽ ለጋሼ ብቻ አንብቢላቸው። አደራ።

ፎቶው በደህና ደርሷል። ማሽን ላይ አድርጌ ከበር የሚበልጥ አድርጌ አጎላሁት። እማዬን አየኋት፤ ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል። እኔ ቀሚሷን ይዤ ወደ ካሜራው አያለሁ። እርስዎ ከወገብዎ በታች ርጥብ ነዎት። ጀልባዋ ተገልብጣ ሆዷ ይታያል። ውሃው ግራጫ ነበር። አረንጓዴም ቡናማም አይደለም።

ቀለሙን ከያዝኩ በኋላ በሥራ ልማድ ሌላውን ማየት ያዝኩ። እርስዎ እንዳስተማሩኝ፤ ውሃው የሚያየውን። የመቆሚያው ሳንቃ ስር በቀጥታ ሲታይ ምንም የለም፤ የፊቱ ወራጅ ከልሎታል። ከውሃው ላይ ግን ይታያል። ከሳንቃው ስር ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። የተረፈ ወራጅ መሰለኝ። አጎላሁት። አንደኛው ጫፉ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ያንን ሽቦ አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሳለሁ ጣቴን ቧጭሮኝ እርስዎ በምራቅዎ አብሰውልኛል።

አባዬ መረብ ሊያወጣ ቀዝፎ ገባ፣ ጀልባዋ ተገለበጠች ብለውናል። ጋሼ፣ በምን ቀዘፈ? በቤታችን ስንት ጥንድ መቅዘፊያ ነበር?

የእማዬ ፎቶ አልቋል። አሳትሜዋለሁ፤ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል። አልላክሁትም። ማንን እንደማለብስ ሳላውቅ ውሃ ማልበስ አቃተኝ።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት ፳፮

እህቴ፤

ይህን የምጽፈው በራሴ ቃል ነው፤ አጎትሽ አያውቅም። ደብዳቤሽን እንዳልሽው ጓሮ አነበብኩለት። ሲያልቅ "ድገሚው" አለኝ። ደገምኩት። ከዚያ ተነስቶ ወደ ደረቁ ሐይቅ ወረደ። ካሁን በፊት እየዞረ ጭቃ ሲቆፍር ነበር የማየው፤ አሁን አይቆፍርም። መሐሉ ላይ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ይቀመጣል።

ሦስት ጊዜ ጻፊ ብሎኝ ሦስት ጊዜ ቅደጂው ብሎኛል። በሦስተኛው "ለወንድሜ ልጅ" ብሎ ተነስቶ ሄደ።

እናትሽ ደክማለች። ጫማው አቧራ እንዳይነካው ከረጢት ስፊልኝ አለችኝ፤ ከነጭ ጨርቅ፣ አፉ በገመድ የሚታሰር። ለክቼ ቆርጫለሁ። ስፌቱን ግን አንድ ሳምንት አቆየሁት። ትናንት ጨርሼ ሰጠኋት።

ከአክብሮት ጋር፣ ጎረቤታችሁ


ሚያዝያ ፲፱

ለወንድሜ ልጅ፤

ልብስ ሰፊዋ ናት ብዕሩን የያዘችው። ሰላምታውን ዝለይው ብላት እምቢ አለች፤ ሰላም ለአንቺ ይሁን።

አንድ ጥንድ። አንድ ጥንድ መቅዘፊያ ነበረን።

አባትሽ አልሰመጠም።

ብዕሯን አስቀመጠች። አንሺው አልኳት። አነሳችው።

የገበያ ቀን ነበር፤ እኩለ ቀን። መንደሩ ባዶ ነው። እናትሽ አንቺን ይዛ ገበያ ሄዳለች። እኔ መቆሚያው ላይ መረብ እጠግናለሁ። አባትሽ አንድ ቦርሳ ይዞ መጣ። "ወዴት?" አልኩት። "እንጃ" አለ። "ሴት አለች?" "የለችም።" "ዕዳ አለብህ?" "የለብኝም።" "ታዲያ ምን ሆንክ?" "ጠዋት ስነቃ የሞትኩ ይመስለኛል" አለኝ። ሰካራም አልነበረም፤ ቀልደኛም አልነበረም። "ለሚስቴ ሄደ በላት። ቦታ ስይዝ እጽፋለሁ በላት" አለ። ትልቁን መንገድ ይዞ ሄደ። እየረገምኩት እስኪጠፋ ድረስ አየሁት።

ሄደ በላት ነው ያለኝ። ሞተ በላት አላለኝም። ያንን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት ሰው ይስቅባታል፤ ባሏ የሞተባትን ግን ያከብሯታል ብዬ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ የእኔ ነው። ከቤታችን ሰው ይሞታል እንጂ አይሸሽም እያልኩ በሰው ፊት ስፎክር የኖርኩ ነኝ። ስለዚህ ጀልባዋን ፈታሁ። እስከ ወገቤ ገባሁ፤ ገለበጥኳት፤ ገፋኋት፤ ጮህኩ። መቅዘፊያዎቹን ግን መጣል አቃተኝ። አባቴ የጠረባቸው ናቸው። ጀልባ ስለቅ መቅዘፊያ አወርዳለሁ፣ ሳንቃው ስር እሰቅላለሁ፤ እጄ ሌላ አያውቅም። ስሰቅላቸው እንኳ አላወቅሁም። ወንድሜን ውሃ ውስጥ ጣልኩ፤ መቅዘፊያዬን አልጣልኩም። ሰው ሁሉ የሚያየው ወደ ሐይቁ ነበርና ማንም አላያቸውም። በማግስቱ ቆርቆሮው ስር ደበቅኋቸውና አዲስ አስጠረብኩ። ያየው ውሃው ብቻ ነው።

አልጨረስኩም።

በሁለት ዓመቱ ደብዳቤ መጣ። ፖስተኛው መንገድ ላይ ሰጠኝ። ጥጉ ላይ በመረባችን ተንሳፋፊ ቡሽ ላይ የምንቀርጸው ምልክት፣ ክብ ውስጥ ሁለት ጭረት፣ በብዕር ተሥሏል። ከወንድሜ እንደሆነ ገባኝ። ጓሮ ወስጄ ከፈትኩት። ሦስት ገጽ። ፎቶ የለው፣ ሥዕል የለው፤ ፊደል ብቻ፣ እንደ ጉንዳን ተሰልፎ። ማን ያንብብልኝ? ያነበበልኝ ሁሉ የሞተ ሰው ሲጽፍ ሊያይ ነው። አጥፌ የደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ሁለተኛ አልመጣም።

ኑ ብሎ ይሆናል። አልመለስም ብሎ ይሆናል። አንዳንድ ቀን የመጀመሪያውን ነው ያለው እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ሁለተኛውን። ሁለተኛውን ያልኩ ቀን እህል ይወርድልኛል። አንድ ጊዜ ፊደል ልማር ብዬ ነበር። ጥቂት ከያዝኩ በኋላ ተውኩት። ማንበብ ከቻልኩማ ማወቅ ሊኖርብኝ ነው። ሰው ሁሉ "ሽማግሌው በመሃይምነቱ ይኮራል" ይላል። ይበል።

እንደማላገኘው እያወቅሁ በየቀኑ ወርጄ ፈለግሁት። ጫማው የማን እንደሆነ አላውቅም። "ዛሬስ?" ማለቷን እንድትተውልኝ ነው ያመጣሁላት።

ትናንት እናትሽ ጠራችኝ። ከረጢቱን ታቅፋለች። "ተገናኘን" አለችኝ፤ "አንድ እግሩም ቢሆን ይበቃኛል። ከእንግዲህ ብሞት አይቆጨኝም። አንተንም አመሰግናለሁ፤ በሽማግሌ ጉልበትህ አንከራተትኩህ።" አመሰገነችኝ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አፌን ከፈትኩ። ይህን ሁሉ ልነግራት ነበር። የወጣኝ "ሾርባሽ ቀዘቀዘ" የሚል ነው።

የማላውቀው ሰው ጫማ ታቅፋ ልትሄድ ነው። ባሏ ይኑር ይሙት ሳታውቅ፣ ምን እንደጻፈላት ሳትሰማ። ፊት ለፊት አልችልም፤ ሞከርኩት፤ አልችልም። ለወረቀት ግን ቻልኩ፤ ይኸው።

የላክሽልኝን ጥያቄ መለስኩ። ያለቀውን ፎቶ አትላኪ። እዚያ የሚለብስ ሰው የለም። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ገና ለባለቤቷ አልነገርኩም፤ ቅድሚያ የእሷ ነው።

ዛሬ የተቀመጥነው በረንዳ ላይ አይደለም። ወንበሩን ከክፍሏ በር ፊት አድርጌ በሩን ከፍቻለሁ። እስካሁን የተናገርኩት በሹክሹክታ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋን አፌ ላይ አድርጋ ነው የጻፈችው፤ እንባዋ እጄ ላይ ወድቋል። የአባትሽ ደብዳቤ ጉልበቴ ላይ ነው። ይኼኛው ለእናትሽ ከተነበበላት በኋላ ያንን እሰጣታለሁ። ይነበብ ካለች ልብስ ሰፊዋ ታነብላታለች፤ የሚለውን እኔም ያን ጊዜ አብሬ እሰማለሁ። ይቀደድ ካለች ራሷ ትቅደደው።

ነቅታለች። "ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አለችኝ።

"ከልጅሽ ጋር" አልኳት።

"ምን አልካት?"

"አሁን ትሰሚዋለሽ።"

በቃ፤ እዚህ ላይ አቁሚ። አሁን አንብቢልኝ። ተነሺና በሩ ላይ ቁሚ። ከመቅዘፊያው ጀምሪ፤ ደግ የሚያስመስለኝ ካለ ዝለይው፤ እኔ የጨመርኩትን ግን እንዳታልፊው። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።